«በ4 ሰዓት»፦ ስለ መድኃኒት ስሌት አማርኛና ስለ ስያሜ ሥራችን

የሙያ ቃላት ስያሜ ጉዳይ በተነሣ ቍጥር ዐይናችን ቶሎ ብሎ የሚያርፈው በስሞች ላይ ነው። የመሣሪያው ስም፣ የበሽታው ስም፣ የንጥረ ነገሩ ስም ተለቅሞ በዝርዝር ይጻፋል፤ አቻ ይፈለግለታል፤ ሥራውም እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል። በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ይህን ልማድ ነው። ለነቀፋችን ማስረጃ እንዲሆነን የመረጥነው መስክ ጠባብ ነው፤ ይኸውም የነርስነት ተማሪዎች የሚማሩት የመድኃኒት ዶዝና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ፍጥነት ስሌት ነው። መስኩ ጠባብ ይሁን እንጂ ንግግር በተዛነፈ ጊዜ የሚከፈለው ዋጋ የሰው ነፍስ ነውና፣ የስያሜ ሥራችን ጥንካሬና ድካም እንዲህ ጎልቶ የሚታይበት ሌላ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

አንድ ተቃውሞ አስቀድሞ ሊመለስ ይገባዋል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለ ወሰነ፣ ተማሪው ስሌቱን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ታዲያ አማርኛው ምን ሊያደርግለት? የሚሉ አሉ። መልሱ የሚገኘው ከመማሪያው ክፍል ውጭ ነው። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ተረኛ ለተረኛ በሽተኛ የሚያስረክበው፣ ሐኪም የጻፈውን ትእዛዝ በቃል የሚደግመው፣ አስታማሚ ዘመድም «ሲስተር፣ ይህ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚቈየው?» ብሎ የሚጠይቀው በአማርኛ ነው። ተማሪው ራሱም ከጃቢ ጠህናን ወይም ከሜጫ ገጠር የመጣ እንደ ሆነ ንጥጥርን፣ ወደርንና መቶኛን መጀመሪያ ያወቃቸው በአማርኛ ነው። መምህሩ ቀመሩን በእንግሊዝኛ ከጻፈ በኋላ «እንግዲህ እንዲህ ማለት ነው» ብሎ የሚያፍታታለትም በዚሁ ቋንቋ ነው። የምንመረምረው ይህን በመጽሐፍ ያልተጻፈ፣ ነገር ግን በየዕለቱ የሚሠራበትን አማርኛ ነው።

ከአንዲት ፊደል እንጀምር። ለጽኑ ወባ ዛሬ በቀዳሚነት የሚሰጠው አርቴሱኔት ቢሆንም፣ እርሱ በታጣ ጊዜ ኩዊኒን በደም ሥር ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የመጀመሪያው ዶዝ ለያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 20 ሚሊ ግራም ሆኖ አራት ሰዓት ያህል ቀስ እያለ እንዲገባ ያዝዛል። ፍጥነቱም ለያንዳንዱ ኪሎ ግራም በየሰዓቱ ከ5 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይከለክላል፤ መድኃኒቱ ተጣድፎ ከገባ የደም ግፊትን ይጥላል፣ የልብንም ምት ያውካልና። 50 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው እንግዲህ ዶዙ 1000 ሚሊ ግራም ነው። ይህ በ500 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ተበርዞ ለአራት ሰዓት ቢከፈል በየሰዓቱ 125 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። የማንጠብጠቢያው ቱቦ በ20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር የሚሞላ ከሆነ፣ 500 በ20 ተባዝቶ ለ240 ደቂቃ ሲካፈል በየደቂቃው 42 ጠብታ ገደማ ይወጣል። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ሒሳብ ነው።

ይህ ሁሉ ተሰልቶ ካለቀ በኋላ ትእዛዙ በአፍ ሲተላለፍ «500 ሚሊ ሊትር በ4 ሰዓት» ይባላል። ሐረጉ ሁለት ትርጕም ይወልዳል። አንደኛው «በአራት ሰዓት ጊዜ ውስጥ» ማለት ነው። ሁለተኛው «አራት ሰዓት ሲሆን» ማለት ነው፤ ይህም በአገራችን አቈጣጠር ረፋዱ ነው። በሁለተኛው መንገድ የሰማ ተረኛ ሰዓቱን ጠብቆ ይጀምራል፤ በስንት ጊዜ ውስጥ እንዲጨርስ ግን ማንም አልነገረውም። በአንድ ሰዓት ቢያስገባው ፍጥነቱ ከተፈቀደው አራት እጥፍ ይሆናል። ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ቍጥሮቹም ትክክል ናቸው። የተሳሳተው በ- የምትባለው መስተዋድድ የተሸከመችው ጭነት ነው። እንግሊዝኛው ለጊዜ ነጥብ አንድ፣ ለጊዜ ርዝመት ሌላ መስተዋድድ ስላለው፣ ከእርሱ የሚተረጕም ሰው ችግሩ መኖሩን እንኳ አያይም፤ «ሰዓት» ለሚለው ስም አቻ ስላገኘ ረክቶ ያልፋል። «ሰዓት» ራሱም የእጅ ሰዓቱን፣ የሰዓቱን ነጥብና ስድሳውን ደቂቃ በአንድ ስም እንደሚጠራ ልብ ይሏል። በእንግሊዝኛ በተጻፈ የመድኃኒት መስጫ ሠንጠረዥ ላይ ለጧት 10 ተብሎ የሰፈረው በአፍ አራት መሆኑን፣ በአማርኛ «ዐሥር ሰዓት» ሲባል ደግሞ አመሻሹ መሆኑን ለጊዜው እንተወው።

የበ- ሸክም በዚህ አያበቃም። በመርፌ፣ በአፍ፣ በክንድ፣ በጧት ስንል መሣሪያን፣ መንገድን፣ ቦታንና ጊዜን በተራ ታመለክታለች። በሒሳብ ክፍል «ሲባዛ በ»፣ «ሲካፈል ለ» ተብሎ ተማሪው ስለ ተማረ፣ በ- የማባዛት ለ- የማካፈል ምልክት ሆነው በአእምሮው ተቀርጸዋል። ይህ ተማሪ «ሦስት ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም» የሚል ሐረግ ሲሰማ፣ ሐረጉ የሚነግረው የማካፈል ግንኙነት ሆኖ ሳለ የለበሰው የማባዛትን ልብስ ነው። «ጠብታውን በ20 ቀንሺ» እና «ጠብታውን ወደ 20 ቀንሺ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው፤ በደቂቃ 42 ጠብታ የነበረው በመጀመሪያው 22፣ በሁለተኛው 20 ይሆናል። እዚህ ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ በሌላ መድኃኒት ግን ላይሆን ይችላል።

ቋንቋው ግን መፍትሔውን ከኛ አልጠበቀም። ወደ ቆጋ እንውረድ። በመራዊ አጠገብ በተገደበው ወንዝ 7,000 ሄክታር ገደማ በሚለማበት በዚያ መስኖ የሚያርስ ገበሬ፣ ለሽንኩርቱ መድኃኒት ሲረጭ «ለአንድ መርጫ ስንት ክዳን?» ይላል እንጂ «ክዳን በመርጫ» አይልም። የውሃ ተራው ሲደርስ ቈይታውን ሊነግረን ከፈለገ «የሦስት ሰዓት ውሃ አለኝ»፣ መነሻውን ሊነግረን ከፈለገ «ተራዬ ሦስት ሰዓት ላይ ነው» ይላል። ተራው የሚመላለስበትን ሲናገር ደግሞ «በየሳምንቱ» ይላል። ሦስቱን ነገሮች፣ ማለት ርዝመትን፣ ነጥብንና ድግግሞሽን፣ በየ-፣ በ«ላይ»ና በ«በየ-» ለይቶ አስቀምጧቸዋል። የጤና ትምህርቱ አማርኛ በአንዲት በ- የጠቀለለውን ገበሬው ያለ አካዳሚ ውሳኔ ፈትቶ ይናገረዋል። ነርሱም «የአራት ሰዓት ፈሳሽ»፣ «አራት ሰዓት ላይ»፣ «በየአራት ሰዓቱ» ቢል የሚያጣው ነገር የለም። ለንጥጥርም ቢሆን «ለየኪሎው 3 ሚሊ ግራም»፣ «በየደቂቃው 42 ጠብታ» ማለት ይቻላል። «የ-» ተደርባ ስትገባ ከማባዛቱ ምልክት ጋር የሚያምታታ ነገር አይቀርም። ይህ አዲስ ቃል አይደለም፤ ማንም የአማርኛ ተናጋሪ ከእናቱ የተማረው ነው።

«በቀን ሦስት ጊዜ» የሚለው የተለመደ ትእዛዝም ከዚሁ ወገን ነው። «ቀን» በአማርኛ ሃያ አራቱን ሰዓት ይሆናል፤ ሌሊት ያልሆነውንም ይሆናል። ገጠሬው በሽተኛ ሁለተኛውን ይዞ ጧት፣ ቀትርና ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቢውጥ ትእዛዙን በትክክል ፈጽሟል፤ መድኃኒቱ ግን ዐሥራ ሁለቱን የሌሊት ሰዓቶች ብቻውን ሊያድር ነው። በየስምንት ሰዓቱ መወሰድ ላለበት መድኃኒት ይህ ክፍተት ቀላል አይደለም። የሚያስቈጨው «ዕለት» የሚል፣ ቀኑን ከነሌሊቱ የሚይዝ ቃል እያለን ለቅዳሴና ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ መተዋችን ነው። «የዕለት ዶዝ» ሲባል ስንት ሰዓት እንደ ሆነ የሚጠራጠር የለም።

አሁን ወደ ስሞቹ እንመለስ፤ እነርሱም ቢሆኑ በሚገባ አልተሠራባቸውምና። የዚህ መስክ ዋና ችግር «መጠን» የሚባለው ቃል ነው። 60 ሚሊ ግራም የሚይዝ የአርቴሱኔት ብልቃጥ እንውሰድ። ዱቄቱ መጀመሪያ በ1 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ባይካርቦኔት ይሟሟል። ቀጥሎ በደም ሥር የሚሰጥ ከሆነ በ5 ሚሊ ሊትር፣ በጡንቻ የሚሰጥ ከሆነ በ2 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይበረዛል። በመጀመሪያው መንገድ በየሚሊ ሊትሩ 10፣ በሁለተኛው 20 ሚሊ ግራም ይገኛል። ከ20 ኪሎ በታች ላለ ሕፃን የሚታዘዘው ለየኪሎው 3 ሚሊ ግራም ስለ ሆነ፣ 16 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 48 ሚሊ ግራም ይወስዳል፤ ይህም በደም ሥር 4.8፣ በጡንቻ 2.4 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ሰው «የመድኃኒቱ መጠን ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ 60፣ 3፣ 10፣ 48ም ሆነ 4.8 ብሎ የሚመልሰው አልተሳሳተም፤ አምስቱም በአማርኛ መጠን ናቸው። ለጡንቻ የተሰላውን «መጠን» ሰምቶ ከደም ሥሩ ብርዝ 2.4 ሚሊ ሊትር የቀዳ ተማሪ ለሕፃኑ የሰጠው 24 ሚሊ ግራም፣ የሚገባውን ግማሽ ነው። ጽኑ ወባ ደግሞ ለግማሽ ዶዝ አይመለስም። በ1950ና በ1951 ዓ.ም. የደረሰው የወባ ወረርሽኝ በአገሪቱ ደጋዎች ስንቱን እንደ ጨረሰ ላነበበ፣ ወይም በዚያው በምዕራብ ጎጃም ቈላ ዳር «ንዳድ» የሚለው ስም እንዴት እንደሚፈራ ለሚያውቅ ይህን ማብራራት አያሻም።

መፍትሔው ቃሉን መሻር አይደለም፤ ዘመዶቹን ጠርቶ ሥራውን ማከፋፈል ነው። የመጠነ ቤተሰብ ሰፊ ነው። ወይዘሮዎቻችን ሽሮውንና በርበሬውን «ይመጥናሉ»፤ ምጥን ሽሮ ስንል ቅመሙ ሁሉ በየድርሻው የገባበት ማለታችን ነው። «ምጣኔ» ደግሞ በሕዝብ ቈጠራና በምጣኔ ሀብት ትምህርት አንዱን ነገር ከሌላው ጋር አነጻጽሮ የሚገልጽ ቃል ሆኖ ተለምዷል። ስለዚህ ለየኪሎው 3 ያልነውን «ምጣኔ»፣ 42 ጠብታውንም «የጠብታ ምጣኔ» ብንለው ሰሚው አይደናገርም። ለአንድ ጊዜ ለሚሰጠው 48 ሚሊ ግራም ግን «ዶዝ» የሚለውን እንቀበል እንላለን። አንዳንድ ባልደረቦቻችን «ልክ» እንዲባል ያሳስባሉ፤ «ልኩ ልክ አይደለም» የሚል ዐረፍተ ነገር በሕሙም አልጋ አጠገብ ሲነገር ለመስማት ግን የሚጓጓ አይመስለንም። «ዶዝ» ከኮሮና ክትባት ዘመን ወዲህ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ «ሁለተኛውን ዶዝ ወሰድህ ወይ?» እየተባባለ የገጠሩም ሰው ያወቀው ቃል ነው፤ ትርጕሙም አንድ ብቻ ነው። የመጣበት አገር ባዕድ መሆኑ ጥፋቱ አይደለም።

«ይዘት»ም የሚያሠጋ ቃል ነው። በሒሳብ መጻሕፍታችን የአንድን ዕቃ መያዝ፣ ማለት ስንት ሊትር እንደሚገባበት፣ ለመግለጽ ተመርጧል፤ በተራው አማርኛ ግን በውስጡ ምን አለ ማለት ነው። በብልቃጥ ላይ «ይዘት» ተብሎ ቢጻፍ አንዱ ሚሊ ሊትሩን ሌላው ሚሊ ግራሙን ይረዳል። ከዚህ መስክ ቢወጣ እንመርጣለን።

የሕዝቡን ስያሜ በተመለከተ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ለማንኛውም የሚዋጥ እንክብል መጠሪያ የሆነው «ክኒን» ምንጩ ያው ከላይ ያነሣነው ኩዊኒን ነው። የአንድ መድኃኒት ስም የመድኃኒት ዐይነት ሁሉ ስም ሆነ። ዛሬ ያው ሂደት በ«ግሉኮስ» ላይ ሲደገም እናያለን፤ በደም ሥር የሚንጠለጠል ማንኛውም ከረጢት፣ ጨው ያለበትም ቢሆን፣ ለአስታማሚው «ግሉኮስ» ነው። ሕዝብ እንዲህ ማድረጉ መብቱ ነው፤ የነርሱ አማርኛ ግን አብሮ መሄድ የለበትም። ስኳሩ ለወረደበት ሰው የሚሰጠው 40 በመቶ ግሉኮስ በ20 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 8 ግራም ስኳር አለ፤ ይህን ከተራው ከረጢት ጋር በአንድ ስም መጥራት አይገባም። «በመቶ» የሚለውም ቢሆን ማብራሪያ ይሻል። ተማሪው በሒሳብ የሚያውቀው መቶኛ አንድ ዐይነት ነገር ከአንድ ዐይነት ነገር የሚነጻጸርበት ነው፤ የፋርማሲው በመቶ ግን ግራምን ከ100 ሚሊ ሊትር ጋር ያነጻጽራል። ይህን ያልተነገረው ተማሪ 40 ምንድን ከመቶ ምንድን እንደ ሆነ ሳያውቅ ሲያባዛ ይኖራል።

ስለ አጻጻፍ ጥቂት ብቻ እንበል። በንግግር «ሚሊ» ተብሎ የሚቈረጠው ሚሊ ግራምንም ሚሊ ሊትርንም ስለሚሆን ጨርሶ መተው አለበት፤ ነርሶቻችን ለሚሊ ሊትር «ሲሲ» ማለታቸው በዚህ ረገድ ጠቅሟቸዋል፣ ቢያንስ ከግራሙ ይለይላቸዋልና። በምሕጻር ግን የበለጠ አደጋ አለ። ሚሊ ግራምን «ሚ.ግ.»፣ ማይክሮ ግራምን «ማ.ግ.» ብለው የሚያሳጥሩ ዝርዝሮች ቢዘጋጁ፣ በእጅ ጽሑፍ ሚን ከማ የሚለየው በእግሯ ጫፍ ያለች አንዲት ቅጥል ብቻ ናት፤ ልዩነቱ ግን አንድ ሺህ እጥፍ ነው። በውጭው ዓለም የማይክሮ መለያ የሆነው የግሪክ ፊደል ከሚሊው ጋር ስለሚምታታ በሐኪም ትእዛዝ ላይ እንዳይጻፍ ይመከራል፤ እኛ ያንኑ ስሕተት በራሳችን ፊደል የምንደግምበት ምክንያት የለም። ማይክሮ ግራም ሙሉውን ይጻፍ። የግእዝ ቍጥር ይግባ ለሚሉ ወዳጆቻችንም፣ ዜሮና ነጥብ በሌለው ቍጥር 0.5 እንዴት እንደሚጻፍ ያሳዩን ከማለት በቀር የምንመልሰው የለንም።

እንግዲህ ነቀፋችን በማን ላይ ነው? የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1980ዎቹ ማገባደጃ ያወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለብዙ መስኮች መሠረት የጣለ ሥራ ነው፤ ያለ እርሱ ዛሬ የምንከራከርበት ነገር እንኳ ባልኖረን ነበር። ነገር ግን ከእንግሊዝኛ መሪ ቃል ተነሥቶ ወደ አማርኛ አቻ የሚሄድ መዝገብ በባሕርዩ የሚያየው መሪ ቃል የሚሆነውን ብቻ ነው። በ-፣ ለ-፣ በየ-፣ ወደ፣ ላይ፣ ውስጥ በእንደዚህ ያለ መዝገብ በር አያንኳኩም። ከዚያ ወዲህ በየሙያው የሚዘጋጁት የቃላት ዝርዝሮችም ያንኑ ቅርጽ ተከትለዋል፤ ሁለት ዐምድ፣ በግራ ባዕድ ስም፣ በቀኝ የኛ ስም። የምንጠይቀው ሦስተኛ ዐምድ ነው። «ዶዝ» ከሚለው አንጻር «ለየኪሎው … ሚሊ ግራም» የሚል ሐረግ፣ «ፍጥነት» ከሚለው አንጻር «በየደቂቃው … ጠብታ» የሚል ሐረግ፣ «ቈይታ» ከሚለው አንጻር «… ሰዓት ሙሉ» የሚል ሐረግ ይጻፍ። ቃሉ የሚቈምበት ዐረፍተ ነገር አብሮት ካልተሰጠ ተጠቃሚው የሚያቆመው በእንግሊዝኛ መዋቅር ላይ ነው፤ ያም ምን እንደሚያስከትል በበ- አይተናል።

በዚህ መንገድ የተጻፈ ትእዛዝ ይረዝማል የሚል ቅሬታ እንደሚቀርብ እንገምታለን። ከላይ ያነሣነው ትእዛዝ ቢጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «ኩዊኒን 1000 ሚሊ ግራም፣ በ500 ሚሊ ሊትር የ5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ተበርዞ፣ ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ተጀምሮ፣ 4 ሰዓት ሙሉ፣ በየደቂቃው 42 ጠብታ።» ሁለት መስመር አይሞላም። «4 ሰዓት» ሁለት ጊዜ ገብቶ ሳለ አንዱ ከሌላው አይምታታም፤ አንዳችም አዲስ ቃል አልተፈጠረም። ያላለቀልን አንድ ነገር በየሚሊ ሊትሩ ያለውን የመድኃኒት ብዛት የሚጠራ አጭር ስም ነው። «ክምችት» የሚሉት አሉ፤ ጎተራን እንጂ ብልቃጥን አያስታውሰንም። «ጥንካሬ»ም ስለ ብረት የተነገረ ይመስላል። ጉሹን ከቅራሪው፣ ማሩን ከብርዙ የሚለይ የጎጃም ጠማቂ ለዚህ የሚሆን ቃል ሳይኖረው አይቀርም፤ የመዝገበ ቃላት ሠራተኞቻችን ለመስክ ሲወጡ በቡሬና በደምበጫ ጠላ ቤቶችም ጎራ እንዲሉ እናሳስባለን።